መቀነት የታሰረበት ገንዳ

ዘሀራ መሞቷን የነገረችኝ ወደ ወፍጮ ቤት ስትጣደፍ መንገድ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤቴ ናት። «ያች የገንዳዋ አለቃችሁ ሞተች አሉ፤ ኮምቦልቻ፣ ልጇ ዘንድ» አለችኝና ወረፋ እንዳያልፋት ጥላኝ ሄደች። መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። አላለቀስኩም። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ዘሀራ ከኋላዬ መጥታ «እጅሽን ወዲህ በይ» የምትለኝ መስሎኝ ሁለቱንም እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩ።

በሕይወት ሳለች አንቱ ነበር የምላት። እዚህ ላይ ግን «እሷ» እያልኩ እጽፋለሁ። ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

በማግስቱ ለቅሶ ልደርስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኜ መኪና ሲወዛወዝብኝ ዛሬም አልችልም፤ ምክንያቱን ወደፊት እናገራለሁ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። የዘሀራ ልጅ ፋጡማ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ከሷ ጎን፣ ከዘመድ ሁሉ ቀድማ፣ ትርንጎ ተቀምጣለች። ትርንጎ ማለት ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጥ የነበረች ሴት ናት። ስገባ አየችኝ። ወሬዋን ግን አላቋረጠችም።

«ያን ጊዜ መኪናውን በጩኸቴ ያስቆምኩት እኔ ነኝ እኮ!» አለች፣ በአገጯ እኔን እያመለከተች። «እኔ ባልጮህ ኖሮ ይች የሺ ዛሬ ከእኛ ጋር አትቀመጥም ነበር። ዘሀራም ቶሎ ብትደርስ ኖሮ ክንዷ ተጎድቶ አይቀርም ነበር። ምን ይደረግ!»

ሴቶቹ «አላህ ይስጥሽ፣ አላህ ይስጥሽ» አሏት። ፋጡማም እጇን ይዛ ሳመቻት።

በለቅሶ ቤት ሰው አይሞገትም። ያቀረቡልኝን ቀመስኩ፣ ዱዓው ሲያልቅ «አሚን» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ዘሀራን ላሞግሳት አይደለም የምጽፈው። ክፉ ሴት ነበረች። ግን ክፋቷም ሆነ ሌላው የራሷ ነው፤ ማንም እየመጣ አይወስድባትም።

ዘመኑ ሰው ሁሉ ተደራጁ የሚባልበት ነበር። ባሌ ሞቶ ልጆቼን የማበላው ሳጣ ቀበሌ ሄጄ ተመዘገብኩና ከጽዳት ማህበር አስገቡኝ። ሥራችን ከየቤቱ ቆሻሻ በጋሪ እየሰበሰቡ ገንዳ ውስጥ መጨመር ነው። ገንዳው ትልቅ የብረት ሳጥን ነው፤ ጠርዙ ከደረቴ በላይ ይደርሳል፤ ከላይ ወዲያና ወዲህ የሚከደኑ ሁለት ከባድ ክዳኖች አሉት። በጎንና በጎኑ ጆሮ የምንላቸው ወፋፍራም ብረቶች ወጥተዋል። መኪናው ሲመጣ ረዳቱ ከመኪናው ክንድ ላይ የተንጠለጠሉትን ሰንሰለቶች ጆሮዎቹ ላይ ያጠልቃል፤ ክንዱ ገንዳውን ብድግ አድርጎ መኪናው ጀርባ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ከከተማ ወጥቶ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ይገለብጠዋል።

በክረምት ግን ሲገለብጡት ሁሉም አይወርድም። ፌስታሉ፣ ማዳበሪያው፣ የበሰበሰው ሁሉ ከጭቃ ጋር ተጋግሮ ከሥሩ ይጣበቃል። ያን ጊዜ አንዷ አካፋና መንሽ ይዛ ገንዳው ውስጥ መግባት አለባት። የምትገባዋን የምትመርጠው ዘሀራ ናት። ብዙ ጊዜ የምትመርጠው ደግሞ እኔን ነው።

ዘሀራ የቡድናችን አለቃ ነበረች። ረጅም፣ ትከሻዋ የወንድ የሚያህል፣ ሻርቧን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ የምታስር ሴት። ከፊቷ ላይ ሳቅ አይቼ አላውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈራኋት። ያን ቀን ለሥራ ብዬ ነጠላዬን አጥቤ፣ አጣፍቼ ለብሼ መጣሁ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንች ልጅ፣ የማን ሰርግ ነው?»

«ኧረ ሥራ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ለሥራ ከሆነማ ይህ ጨርቅ ምን ያደርግልሻል? ብረት ይይዘዋል። ብረቱ ሲሄድ አብረሽ ትሄጃለሽ።» ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ ገፍፋ ጋሪው ላይ ወረወረችው። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ባል ቀብሬ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ማታ ሥራ ስንጨርስ ታሰልፈንና እጃችንን ታሸተን ነበር። አዎ፣ እንደ ሕፃን። በሳሙና እስከ ክርናችን ታጥበን ሳንጨርስ የውኃ ጆግ የነካች ወዮላት። እጄን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ «ተመለሽ፤ ይህ ልጅሽን ሊበላ ነው» ትለኛለች። ሌሎቹ ቆመው እኔ እንደገና እታጠባለሁ።

ገንዳ የሚከፈተው በሷ ሥርዓት ብቻ ነው። መጀመሪያ በወይራ ዱላዋ ብረቱን ትደበድባለች፤ «ውስጥ ያላችሁ ውጡ፣ ልንገባ ነው!» ብላ ትጮኻለች፤ ከዚያ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። ከሴቶቹ አንዷ ሁልጊዜ «እትዬ ዘሀራ፣ ጅኖቹ ምን አሉ?» ትላታለች።

«ጅን ቢሆን ጥሩ ነበር» ትላለች። «ጅን ብርጭቆ አይሰብርም።»

ውሻ ሊኖር ይችላል። ብርድ ያባረረው ሰውም ተኝቶ ተገኝቶ ያውቃል። ከክሊኒክ የተጣለ መርፌ፣ ምላጭ፣ ጠርሙስ አለ። ስለዚህ ከመንሽ በፊት እጅ አይገባም። ክዳኑ ተከፍቶ ሳይነፍስ ማንም አይገባም። ጭስ የሚሸት ከሆነ ደግሞ፣ ማን ፍም ያለበት አመድ ደፍቶበት እንደሆነ አይታወቅምና፣ አይነካም። አንድ ጊዜ በዚህ በጭሱ ምክንያት ግማሽ ቀን ገንዳው ሥር አስቀመጠችን። ከቀበሌ የመጣው ሰውዬ እየጮኸ «እንግዳ ይመጣል፣ አንሱ!» ይላል፤ እሷ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ «ይሸታል» ትላለች። ኋላ ሲገላበጥ እሳት የሚባል ነገር አልነበረም። የሸተተው አንድ የተቃጠለ ድስት ነው። የተሰደብነው እኛ፣ የተገመገምነው እኛ። እሷ «ባይኖር ይሻላል» ብላ ሻርቧን አጥብቃ ሄደች።

ከሥርዓቷ ሁሉ የበለጠው የመቀነቱ ነው። ወደ ገንዳ የምትገባ ሴት መቀነቷን ፈትታ፣ የመኪናው ሰንሰለት የሚጠለቅበት ጆሮ ላይ ታስራለች። ወገቧ ላይ ከሆነ ብረት ይይዘዋል፤ ጆሮው ላይ ከሆነ ደግሞ ሹፌሩ ያየዋል። መቀነት የታሰረበት ገንዳ አይነሳም። ሹፌሮቹን ሁሉ፣ እስላሙን በቁርአን፣ ክርስቲያኑን በታቦት አስምላ ነበር። ሌላዋ ደግሞ ከውጭ ትቆማለች፤ «ቋሚ» እንላታለን። ቋሚ አትቀመጥም፣ ወሬ አታወራም፣ ዓይኗን ከገንዳው አታነሳም። ዘሀራ ብዙ ጊዜ ቋሚነቱን ለማንም አትሰጥም ነበር።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ከኛ በፊት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ እንደነበር ይወራል፤ ለምን እንደወጣችም ይወራል። እኔ አላየሁም። ያላየሁትን አልጽፍም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልሂድ። ለመሸሽ ብዬ ነው እስካሁን የዞርኩት።

ሰኞ ነበር፣ ገበያው የሞላ። ገንዳው የሚቀመጠው ገበያው ዳር፣ ትርንጎ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ትርንጎ ይህን ገንዳ ትጠላው ነበር፤ በዚያስ አልፈርድባትም፣ ቅመም ሽታ ካልሸተተ ማን ይገዛዋል? መኪናው ጠዋት ወስዶ ገልብጦት ሲመለስ ግማሹ እንደተጣበቀ ነው። ሹፌሩ አውርዶት ሌላ ሰፈር ሄደ። ዘሀራ ዙሪያውን አይታ፣ በዱላዋ ደብድባ፣ አዳምጣ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«የሺ፣ ግቢ።»

«ያለፈውም እኔ ነበርኩ» አልኳት።

«አንች ቀጭን ነሽ። አብሽሪ፣ እኔ ቆሜያለሁ።»

ያን ቀን የታጠቅሁት ጥለት ያለው ደህና መቀነት ነበር፤ ከሥራ በኋላ ለቅሶ ቤት መሄድ ስለነበረብኝ። ፈትቼ ጆሮው ላይ በደንብ ቋጠርኩት። ጋሪው ላይ ወጥቼ ገባሁ።

ውስጡ እስከ ጉልበቴ ይውጠኛል። ከላይ የሰማይ ቁራጭ ብቻ ነው የሚታየኝ። የገበያው ጫጫታ እንደ ወንዝ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። አንድ ጎን ላይ የተጋገረውን በአካፋ እየፈነቀልኩ ወደ አፉ እገፋለሁ። «አለሽ?» ትለኛለች ዘሀራ፤ «አለሁ» እላታለሁ። እንደገና «አለሽ?»፣ «አለሁ»። ከዚያ ከወዲያኛው ጎን ጭቅጭቅ ሰማሁ። አንድ ተሸካሚ ከመጠጥ ቤት የተሰበረ ጠርሙስ በጆንያ አምጥቶ ሊደፋብኝ ነው።

«ሰው አለ ውስጥ! አንተ ዓይንህ አይደለም?» ትላለች ዘሀራ።

«ወይዘሮ፣ ከብዶኛል እኮ! ሰው ቆሻሻ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ወላሂ ብትደፋው ራስህ ነህ የምትገባው!»

በዚያ በኩል እሷ ተሸካሚውን ስታባርር፣ በዚህ በኩል ትርንጎ ከሱቋ ወጣች። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁም፤ ራሷ ትርንጎ በዚያው ቀን በገበያው ፊት እያለቀሰች የተናገረችው ነው። በዚያው ሰሞን ገበያ ቀዝቅዞባት አንድ አዋቂ ዘንድ ሄዳ ነበር። አዋቂው «ደጅሽ ላይ የሚያስሩብሽ ነገር አለ» ብሏታል። ወጥታ ስታይ፣ ደጇ ላይ፣ የቆሻሻ ገንዳ ላይ፣ ጥለት ያለው ንጹሕ የሴት መቀነት ተቋጥሯል። ከዚህ በፊት ስናስር አይታ አታውቅም አልልም፤ ግን የኛ ሁልጊዜ አሮጌ ጨርቅ ነበር። በእጇ ልትፈታው ፈራች። ቢላዋ አምጥታ ቆረጠችው፣ በእንጨት አንስታ ቦዩ ውስጥ ጣለችው፣ ሦስት ጊዜ እንትፍ ብላ ሱቋን ዘጋች።

መኪናው ተመልሶ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሹፌሩ ሰይድ ጆሮውን አየ፤ መቀነት የለም። ረዳቱም አየ፤ የለም። እነሱ ላይ ቂም የለኝም። ሰንሰለቱን አጠለቁ።

እኔ መጀመሪያ የሰማሁት የሰንሰለቱን ቅጭልጭል ነው። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ የሌላ ገንዳ ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ቀጥሎ ብረቱ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መሬቱ ሄደ። እንዴት ብዬ ልናገረው? ወለሉ በአንድ ጎን ዘቀዘቀ፤ የፈነቀልኩት ሁሉ ተንዶ ወደ እኔ መጣና እስከ ወገቤ ቀበረኝ። አንደኛው ክዳን ከላይ ወደቀ፤ የሰማዩ ቁራጭ ግማሽ ሆነ። ጮህኩ። ድምፄ ብረቱን መትቶ ወደ ራሴ ይመለሳል። የምሄድበትን አውቃለሁ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲገለብጡት ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። እዚያ የወደቀ ነገር ላይ ሌላ መኪና መጥቶ ይደፋበታል። «ማርያም፣ ማርያም» አልኩ። ልጆቼ ምን ይሏቸዋል? እናታችሁ የት ሄደች ይሏቸዋል? ማን ቆፍሮ ያወጣኛል? ድምፄ አለቀ። አፌ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣም።

ሁለተኛው ክዳን ሊወድቅ ሲወዛወዝ ሁሉም ነገር በድንገት ቆመ። አየር ላይ ተንጠልጥዬ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዝኩ፣ ከሥሬ የሰው ሳቅ ሰማሁ። ገበያው በሙሉ ይስቃል።

የሚስቁት በዘሀራ ነው። ከተሸካሚው ጋር እየተጣላች ሰንሰለቱ ሲወጠር ሰምታ ዞረች። ጮኸች፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጣት። ረዳቱ በወዲያኛው ጎን ነው፤ ሰይድ መስኮቱ ዝግ ነው። ከፊቱ ልትቆም ብትሮጥ አትደርስም። ስለዚህ በሷ በኩል ያለውን ጆሮ በአንድ እጇ፣ ሰንሰለቱን በሌላው እጇ ጨብጣ አብራ ተነሳች። ያች ትልቅ ሴት፣ የሰፈር ሴቶች ሁሉ የሚፈሯት፣ ሶላት የማታጓድል ሴት፣ በሰኞ ገበያ መሐል እንደ ሥጋ ተንጠልጥላ ወጣች። ቀሚሷ የብረት ስንጥር ይዞት እስከ ጭኗ ተገለጠ። ሰይድ በመስታወቱ ሁለት እግር አየና ፍሬን ያዘ። መኪናውን ያስቆመው ይህ ነው። የማንም ጩኸት አይደለም። ትርንጎ ያን ጊዜ በሯን ዘግታ ውስጥ ነበረች።

ሰይድ ደንግጦ ቀስ ብሎ ማውረድ አቃተው። ገንዳው መሬቱን ሲመታ የዘሀራ ትከሻ ከቦታው ወጣ። እኔን ረዳቱና ያ ተሸካሚ ጎትተው አወጡኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዘሀራ አንድ ክንዷ እንደ ሌላ ሰው ክንድ ተንጠልጥሎ መጣች። ትስመኛለች ወይም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች ብዬ ነበር። በደህናው እጇ በጥፊ አጮለችኝ።

«ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ። «ድምፅሽን ለምን አላሰማሽም?»

ጮኼ ጮኼ ድምፄ ያለቀብኝን ሴት! ሰው ሁሉ እያየ ነው። ያን ጥፊ ይቅር ብያታለሁ የሚል ካለ ተሳስቷል። ሕይወቴን አትርፋለች፣ አዎ፤ ጥፊው ግን ለብቻው ነው።

ትርንጎ የወጣችው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰው «መቀነቱን ማን ቆረጠው?» እያለ ሲጠያየቅ፣ ቦዩ ውስጥ ሲገኝ። «መተት መስሎኝ ነው! በእናቴ፣ ደጄ ላይ የታሰረብኝ መስሎኝ ነው!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

ዘሀራ አየቻት። «ሰው ጠርተሽ አትጠይቂም ነበር?»

«ፈራሁ፣ እትዬ ዘሀራ! ስሙን መጥራት ፈራሁ!»

ዘሀራ የተንጠለጠለ ክንዷን በደህናው እጇ ደግፋ ሄደች። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ምን እንደምላት አውቃለሁ። በዚያ ሳምንት ገና ዘሀራ ወጌሻ ቤት እየተመላለሰች ሳለ፣ ያው ሲያለቅስ የነበረ የትርንጎ አፍ «ዘሀራ ክሬን» የሚል ስም አወጣ። ከሱቋ ደጃፍ ቅመም እየሰፈረች «ዘሀራ ክሬን ዛሬ መጣች?» ትላለች፤ ደንበኛው ይስቃል። ስሙ ሰኞ ገበያን ዞሮ ሌላ ሰፈር ገባ። ልጆች በመንገድ ይጠሯት ጀመር። ክንዷ ከዚያ ወዲህ ከትከሻዋ በላይ አልወጣም፤ ሻርቧን ራሷ ማሰር አትችልም ነበር። ውሎ አድሮ ማህበሩን ትታ ኮምቦልቻ ልጇ ዘንድ የወረደችው ክንዷን አሟት ነው ይላሉ። እኔ ስሙ ነው እላለሁ።

ግን ከመሄዷ በፊት የሆነ ነገር አለ። እሱን ትርንጎም አታውቀው፣ ፋጡማም አታውቀው።

በማግስቱ ወደ ሥራ የሄድኩት ልሰናበት ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር፤ ዓይኔን ስጨፍን ወለሉ ይሄድብኛል። ገንዳው አሁንም ግማሽ እንደሆነ ተቀምጧል። የማህበሩ ደንብ ግልጽ ነው፤ ተራዋን ያልጨረሰች ትወጣለች። ልውጣ ብዬ ነበር። ልጆቼን ምን እንደማበላ አላሰብኩም፤ ፍርሃት እንደዚያ ነው፣ ከፊትህ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳይህ።

ዘሀራ ክንዷ በሻሽ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ቆማለች። ማን ምጪ አላት? የሰይድ መኪና ከገንዳው ፊት ቆሟል። «ቁልፉን አምጣ» አለችው። «እትዬ፣ ሞተሩን አጥፍቻለሁ እኮ» አላት። «ቁልፉን አምጣ አልኩህ!» ሰጣት። ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ሰይድ አፍሮ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ከመኪናው ክንድ ላይ የተንጠለጠለውን ሰንሰለት በደህናው እጇ ያዘችና ጀርባዋን ለገንዳው ሰጠች።

«የሺ፣ ግቢ።»

ሴቶቹ «ኧረ ዛሬ ይቅርባት፣ እኛ እንገባለን» አሏት።

«ዛሬ ካልገባች አትገባም። ካልገባች ደግሞ ቤቷ ምድጃ አይነድም። ግቢ!»

እጠላታለሁ ብዬ ገባሁ። ከሷ ሌላ ምንም አላሰብኩም። አካፋውን ያዝኩ፤ ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። ብረቱን ደግፌ ቁጢጥ አልኩ። ሊነሳ ነው፣ አሁን ሊነሳ ነው። ያን ጊዜ ከውጭ ድምፅዋ መጣ።

«ወጥሽ ውኃ ነው ይላሉ፣ የሺ!»

ብረቱን እንደደገፍኩ ነኝ።

«ጎረቤቶችሽ ናቸው ያሉኝ። ሽሮሽን የበላ ሌላ ቤት ሄዶ እንደገና ይበላል ይላሉ።»

«ማነው ያለው?» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ቁራ።

«ሁሉም! አካሄድሽም ሰው ያስቃል። አህያ የጠፋበት ሰው ነው የምትመስይ።»

«አንቱ ራስዎት እንደ ግመል አይደል የሚሄዱት?» አልኩና አንድ አካፋ ወረወርኩ።

«ግመል ቢያንስ ትሠራለች! ባልሽ እኮ የሞተው ከምላስሽ ለማረፍ ነው፣ አላህ ይማረው!»

ይህን እንዴት ትለኛለች? ስለ ባሌ! ገንዳው ጠፋኝ፣ ሰማዩ ጠፋኝ። «አንቱን የሚያገባ ወንድማ ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ፋጡማን ከየት እንዳመጧት እግዜር ይወቀው!» እያልኩ እፈነቅላለሁ፣ እወረውራለሁ። እሷ አታቆምም። እናቴን ሰደበች፣ አገሬን ሰደበች፣ አፍንጫዬን ሰደበች። ለትንፋሼ ዝም ስል ወዲያው ሌላ ስድብ ይመጣል፤ ያ ስድብ የትናንቱ «አለሽ?» መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። ገንዳው ከአፍ እስከ ገደፉ የሰው ድምፅ ሞላው። የተጋገረው ከሥሩ ተላቆ ብረቱ ሲታየኝ እያለቀስኩ ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከምን አላውቅም።

ወጣሁ። የመጨረሻውን ስድቤን አዘጋጅቼ፣ ፊት ለፊቷ ልነግራት ዞሬ ሄድኩ። ሴቶቹ እየሳቁ ነበር። ዘሀራ ግን አትስቅም። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ላብ በሻርቧ ሥር ይወርዳል፤ ከንፈሯ አሁንም ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ስድብ አይደለም፣ ዱዓ ነው። «ጨረስኩ» አልኳት። አልሰማችኝም። «እትዬ ዘሀራ፣ ወጥቻለሁ እኮ፤ ይልቀቁት» አልኳት። ልትለቀው ፈልጋ እጇን አየችው፤ እጇ አልታዘዝ አላት።

ሴቶቹን ዞር በሉ አልኳቸው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ከሰንሰለቱ ላይ ያላቀቅኋት እኔ ነኝ።